ለልጆቹ ነጥብ የሚሰጠው ማን ነው?



ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለጀመዓው አባላት አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ቅዳሜና እሁድ በከተማው መድረሳ የምናስቀራቸውን ሕጻናት ይዘን የነሺዳና የቁርኣን ውድድር እናዘጋጅ፤ በትልቁ አዳራሽ ይሁን፤ በቴሌግራምና በቲክቶክ በቀጥታ ይተላለፍ፤ ግማሹን ነጥብ ዳኞች ይስጡ፣ ግማሹን ተመልካች በስልኩ ይምረጥ፤ ገቢው ለመድረሳው ጣሪያ ይዋል የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረበው ወንድማችን ከየት እንዳመጣው አልደበቀም። አውሮፓውያን ጁኒየር ዩሮቪዥን የሚባል የልጆች የዘፈን ውድድር አላቸው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ዘፈኑን በነሺዳ ተክተን ቅርጹን ብንወስደው ምን አለበት? አለን። ተክቢራ ያሰማም ነበር። እውነቱን ለመናገር እኛም ካሰሙት ውስጥ ነበርን።

ከዚያ ዶርም ገብተን ስለ ውድድሩ ያገኘነውን ማንበብና ማየት ጀመርን። የምህንድስና ተማሪ አንድ ልማድ አለው፤ የሌላ ሰው ዲዛይን ከመቅዳቱ በፊት የት የት እንደተሰነጠቀ ማወቅ ይፈልጋል። ይህን የምንጽፈው ቅዳሜ ጠዋት ትንንሾቹን የምናስቀራ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ነን። አሁን ሐሳባችንን ቀይረናል። የቀየርንበትን ምክንያት ደግሞ በስብሰባ ላይ በሁለት ደቂቃ መናገር ስለማይቻል እዚህ ጻፍነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። «ዘፈን ነው፣ አይመለከተንም» ብለን በአንድ መስመር መጨረስ እንችል ነበር። የሙዚቃን ሑክም ለዑለማዎቻችን እንተዋለን፣ እኛ የምንፈተፍትበት ጉዳይ አይደለም። ግን ያ መልስ ለአሁኑ ጥያቄያችን አይጠቅምም። ዘፈኑን አውጥተን ነሺዳ ስናስገባ፣ ነሺዳውን አውጥተን ቁርኣን ስናስገባ፣ መድረኩ፣ ካሜራው፣ የነጥብ ሰሌዳውና የተመልካቹ ጣት እዚያው ናቸው። ጥያቄያችን ስለነሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ዴንማርክ ውስጥ ነው። የአገሪቱ የሕዝብ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2000 ልጆች ራሳቸው የጻፉትን ዘፈን ራሳቸው የሚዘፍኑበት አገር አቀፍ ዝግጅት ጀመረ። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ2002 የሰሜን አውሮፓ ጎረቤቶች ተቀላቀሉ። የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት ሐሳቡን ወደደውና ኖቬምበር 15 ቀን 2003 በኮፐንሃገን 16 አገሮች የተሳተፉበትን የመጀመሪያውን ጁኒየር ዩሮቪዥን አካሄደ። ያሸነፈው የ11 ዓመቱ የክሮኤሺያ ልጅ ዲኖ የሉሲች ነበር። ዛሬ ጎልማሳ የሮክ ዘፋኝ ነው፤ ዋይትስኔክ የሚባለውን የታወቀ የእንግሊዝ ባንድም ተቀላቅሎ ነበር። ስለዚህ ውድድሩ የነካው ልጅ ሁሉ ይበላሻል ብለን አንዋሽም።

እንዲያውም የወደድንለት ነገር አለ። በመነሻው ሕግ ዘፈኑን የሚጽፉት ልጆቹ ራሳቸው ነበሩ፣ የሚዘፍኑትም በአገራቸው ቋንቋ ነበር። በትልልቆቹ ዩሮቪዥን አብዛኛው ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲሮጥ፣ በልጆቹ መድረክ ላይ አየርላንድ ከ2015 ጀምሮ በአይሪሽ ቋንቋ፣ ዌልስ በ2018 እና በ2019 በዌልሽ ቋንቋ ዘፍነዋል። እነዚህ በገዛ አገራቸው እንኳ እንግሊዝኛ የተጫናቸው ቋንቋዎች ናቸው። የእኛ የቅዳሜ ልጆች በአንድ ጠዋት በዐረብኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስልጢኛ ነሺዳ ሲያወርዱ ለሰማ ሰው፣ አንድ ልጅ በእናቱ ቋንቋ ቆሞ ሲዘምር ምን ዓይነት ኩራት ፊቱ ላይ እንደሚነበብ ማስረዳት አያስፈልግም። ዌልስ በመጀመሪያ ተሳትፎዋ መጨረሻ ወጣች። ልብ በሉ፣ መጨረሻ ወጣ የተባለው ጣቢያው ወይም ቋንቋው ብቻ አይደለም፤ መድረኩ ላይ ብቻዋን የቆመች አንዲት ታዳጊ ናት።

ቀጥሎ ሕጎቹ እንዴት እንደተለወጡ ተከታተልን። መጀመሪያ ላይ ዕድሜው ከ8 እስከ 15 ነበር። በ2004 ያሸነፈችው የስፔን ልጅ 9 ዓመቷ ነበር፤ የዘፈኗ ጉዳይ ስለ መዋቢያና ስለ አለባበስ ነው። በ2007 የዕድሜው መነሻ ወደ 10 ከፍ አለ፤ በ2016 ደግሞ ከ9 እስከ 14 ተባለ። ከ2008 ጀምሮ አዋቂዎች ዘፈን በመጻፍ እንዲያግዙ ተፈቀደ። ይኼኛው ለእኛ ዋናው ስንጥቅ መሰለን። ነገሩ የተጀመረው ልጅ የራሱን ነገር ይዞ እንዲመጣ ነበር። የሚሸነፍ ነገር ሲኖር ግን አዋቂ ዝም ብሎ ማየት አይችልም፤ አንድ ቃል ላስተካክልለት ይላል፣ ቀጥሎ ዜማውን፣ ቀጥሎ ልብሱን፣ በመጨረሻ ልጁ የአዋቂ ሥራ የሚያቀርብ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ማንም በክፋት አላደረገውም። የትኛዋም እናት ልጇ ለሽንፈት ሲሄድ ቆማ አታይም፣ የትኛውም ኡስታዝ እንዲሁ። እኛስ? አዳራሹ ሞልቶ ካሜራው በርቶ የእኛ ደረሳ ሊወጣ ሲል፣ የሚለብሰውን ጀለቢያ ማን ሊመርጥለት ነው? «እዚህ ጋ አልቅስ፣ ሰው ይነካዋል» የሚለው ሰው አይጠፋም ብለን እንፈራለን።

ከሁሉም በላይ ቆም ያደረገን ግን የዴንማርክና የኖርዌይ ነገር ነው። ኖርዌይ በ2004 በሊልሃመር ሁለተኛውን ውድድር ያስተናገደች አገር ናት። ዴንማርክ ደግሞ የሐሳቡ እናት ናት። ሁለቱም በ2006 ጥለው ወጡ። ምክንያታቸው የገንዘብ ወይም የተመልካች ማነስ አልነበረም፤ በውድድሩ ልጆቹ የሚያዙበትን መንገድ ከሥነ ምግባር ውጭ ሆኖ አግኝተነዋል አሉ። ወደ ቀድሞው ትንሽ የጎረቤቶች ዝግጅታቸው ተመለሱ። እኛ ቅርጹን እንውሰድ ስንል፣ ቅርጹን የፈጠሩት ሰዎች ሦስት ዓመት አይተው መተዋቸውን አላወቅንም ነበር። አንድ ድልድይ የነደፈው መሐንዲስ ራሱ አልሻገርበትም ካለ፣ ንድፉን የሚገለብጥ ሰው ቢያንስ ለምን ብሎ ይጠይቃል።

የቀሩት ደግሞ ለመጠገን ሞከሩ። ከ2005 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል እያንዳንዱ ልጅ ገና ድምፅ ሳይሰጥ 12 ነጥብ በነጻ ይሰጠው ነበር፤ ማንም ልጅ በዜሮ እንዳይወጣ። ሐሳቡ የርኅራኄ ነው፣ አንቀልድበትም። ግን አስቡት። 12 ነጥብ ይዞ የወጣ ልጅ ሁሉም ሰው በነጻ የተሰጠውን ብቻ ይዞ እንደቀረ ያውቃል። ልጁም ያውቃል። የልጅ ሒሳብ ከእኛ ሒሳብ አያንስም፤ ቅዳሜ ከረሜላ ስናከፋፍል አንድ ያነሰው ልጅ ከመቼው እንደሚያውቅ አይታችኋል። የነጥብ ሰሌዳ ላይ ለሁሉም እኩል ቁጥር ብትደምርበት ልዩነቱ እንዳለ ይቀራል። ይህ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ሰሌዳው እስካለ ድረስ የመጨረሻው ልጅ የመጨረሻው ነው።

ሌላው ነገር ባንዲራው ነው። በዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፣ ምክንያቱም ባንዲራ ባይኖረንም የመስጊድ ስም፣ የሰፈር ስም፣ የብሔር ስም አለን።

በ2006 ቡካሬስት ላይ ያሸነፉት የሩሲያ መንትያ እህትማማቾች፣ የቶልማቼቫ ልጆች፣ 9 ዓመታቸው ነበር። ያን ጊዜ አዳራሹ ሁሉ ወደዳቸው። በ2014 ለትልልቆቹ ዩሮቪዥን ተመልሰው መጡ፤ 17 ዓመታቸው ነበር። ቦታው ኮፐንሃገን ነበር፣ የልጆቹ ውድድር የተጀመረበት ከተማ። ሩሲያ ክሬሚያን ከያዘች ገና ሁለት ወር አልሞላትም ነበር፣ እና ለሩሲያ ነጥብ በተሰጠ ቁጥር አዳራሹ በጩኸት ያዋርዳቸው ጀመር። ሁለት የ17 ዓመት ልጆች ያልላኩትን ወታደር ዕዳ ቆመው ከፈሉ። ጩኸቱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ትተን፣ ያንን ዕዳ ገና በዘጠኝ ዓመታቸው ከባንዲራው ጋር እንዳሸከሟቸው ግን ግልጽ ነው።

በ2020 በናጎርኖ ካራባኅ ጦርነት ምክንያት አርሜኒያ ከልጆቹ ውድድር ራሷን አወጣች። ተመርጣ፣ ዘፈኗን አዘጋጅታ የጠበቀችው ማሌና የምትባል ልጅ ቤቷ ቀረች። በቀጣዩ ዓመት ተመልሳ ፓሪስ ላይ አሸነፈች፤ ይህ ጥሩ ፍጻሜ ያለው ታሪክ ነው። የቤላሩስ ልጆች ግን እንዲህ አልሆነላቸውም። ቤላሩስ ከ2003 እስከ 2020 አንድም ዓመት ያልቀረች፣ ሁለት ጊዜ ያሸነፈችና ሁለት ጊዜ ያስተናገደች አገር ናት። በ2021 የመንግሥት ጣቢያዋ በሥርጭቱ የተነሳ ከኅብረቱ ታገደ፣ ልጆቹም አብረው ታገዱ። እገዳው ተገቢ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ግን ጣቢያውን አያስተዳድሩም።

አሁን ወደ አዳራሻችን እንመለስ። በሐሳቡ ላይ ልጆቹ በየመድረሳቸው ስም ይወዳደራሉ ይላል። በከተማችን ስንት መድረሳ እንዳለ፣ በመድረሳዎቹ ኮሚቴዎች መካከልም ምን ምን ያልተዘጋ ነገር እንዳለ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኛ ሁላችንም ጁምዓ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንቆማለን፣ ከዚያ ወጥተን ደግሞ የማንነሳበት ነገር የለም። የስምንት ዓመት ልጅ የዚያን ሁሉ ነገር ስም ደረቱ ላይ ለጥፎ እንዲወጣ ልናደርግ ነው ወይ? ከተሸነፈ የተሸነፈው እሱ ብቻ አይደለም፤ ሲወጣ በሩ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ፊት ላይ ያነበዋል።

ስለ ድምፅ አሰጣጡም አንድ ነገር። የአውሮፓው ውድድር በብዙ ዓይነት መንገድ ሞክሯል፤ በስልክ፣ በዳኞች፣ በሁለቱም። በ2017 ተመልካች በኢንተርኔት መምረጥ ጀመረ፤ ያኔ ለራሱ አገር ልጅ መምረጥ ይችል ነበር፣ ግን ቢያንስ ሦስት ዘፈን መምረጥ ነበረበት። ይህ የሦስት ግዴታ ብልህ ነገር ነው፤ ሁሉም ለራሱ ብቻ ሰጥቶ እንዳይሄድ። ሆኖም ግማሹ ነጥብ የሚከፋፈለው በተገኘው ድምፅ መጠን ስለሆነ፣ ብዙ ሕዝብ ያለውና ብዙ የሚያይ አገር ክብደቱ አይቀርም። በ2018 ዳኞቹ አንደኛ ያላደረጓት የፖላንድ ልጅ በኢንተርኔት ድምፅ አንደኛ ወጥታ ውድድሩን አሸነፈች። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ምንም አላጠፋችም። ግን ዳኛው አንድ ነገር ሲለካ ሕዝቡ ሌላ ነገር ይለካል፣ ሁለቱን ደምረን ውጤቱን «የልጁ ችሎታ» ብለን እንጠራዋለን። በቤተ ሙከራ ሜትርና ኪሎግራም ደምሮ የመጣ ተማሪ ምን ይገጥመው እንደነበር እናንተው ገምቱ።

በእኛ ሐሳብ ላይ የሦስቱ ግዴታ እንኳ የለም፤ አንድ ስልክ አንድ ድምፅ ነው። ሦስት ልጆች እንበል። የአንደኛው አባት ነጋዴ ነው፣ ሱቁ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ለልጁ ሳይመርጥ አይወጣም። የሁለተኛዋ አጎቶችና አክስቶች ጂዳና ዱባይ ናቸው፣ የቤተሰቡ ግሩፕ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራል። ሦስተኛው ከእናቱ ጋር ይኖራል፣ ቤታቸው ያለው ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ነው። እናቱ እንጀራ ሸጣ ነው የምታስተምረው፣ የሷ ደንበኞች ቴሌግራም አይገቡም። ሦስቱም ያው ሱረቱል ሙልክን ይቀራሉ። አሁን ውጤቱን እኛ ሳንቆጥር መናገር እንችላለን። ሦስተኛው ልጅ ደግሞ «ሰው ቂርአቴን አልወደደውም» ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው፤ ስለ ስልኩ አያስብም።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ አይደለም። ከእኛ አንዱ ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚሄድ የ9 ዓመት ልጅ ሳለ በአንድ ውድድር ቀርቦ ነበር። ሱረቱል ሙልክን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ለእናቱ ሌሊት ሌሊት ይቀራላት ነበር። መሃል ላይ አንድ አያ ዘለለ፣ ተመልሶ ሊይዘው ሲል ማይኩ የራሱን ትንፋሽ መልሶ አሰማውና ጠፋበት። ሰው አንሾካሾከ። መድረክ መሪው ነገሩን ለማቅለል ቀለደ፣ አዳራሹ ሳቀ። መሪው ክፉ ሰው አልነበረም። ውጤት ሲነበብ ከመጨረሻው ተጀመረ፤ ይህም ደስታውን ለማሳደግ ተብሎ ነው። ያ ልጅ ዛሬ አሥራ አንድ ጁዝእ ሐፍዟል። ፈጅር ላይ ዶርም ውስጥ ጀማዓ ቆመን «ግባ» ስንለው ግን እስከ ዛሬ ወደ ኋላ ይሸሻል። ለምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ አናውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ ልንጽፍ ስንነጋገር ነው የነገረን፣ እንድንጽፈውም የፈቀደው እሱ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «እሱ የአውሮፓ ነገር ነው፣ የኛ ሰው ለልጅ ያዝናል» ሊሉ ይችላሉ። በየቤታችን ኤምቢሲ ሲታይ ያደግን ሰዎች ነን፣ እንተዋወቅ። ዘ ቮይስ ኪድስ የተባለው የዐረብኛ ውድድር በ2016 ሲጀመር ከሶሪያ የመጣች አንዲት ትንሽ ልጅ ስለ ልጅነትና ስለ ሰላም የሚለምን ዘፈን ስትዘፍን ማልቀስ ጀመረችና መቀጠል አቃታት። አሠልጣኟ ናንሲ ዐጅረም መድረክ ላይ ወጥታ አብራት ዘፈነች። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ፤ ከእኛም ብዙዎቻችን አይተን አልቅሰናል። ስሟን አንጠራም። ግን ያኔ ያለቀስን ሰዎች አንድ ጥያቄ አልጠየቅንም። ጦርነት ያየች ልጅ ስታለቅስ ካሜራው ለምን አልዞረም? ያለቀሰችው ክፍሏ ውስጥ ቢሆን ኖሮ በሩን ዘግተን አባብለን እንወጣ ነበር። መድረክ ላይ ስለሆነ ግን እንባዋን ለጓደኛ ላክነው።

አንዲት እህታችን ይህን ረቂቅ አንብባ ጥሩ አድርጋ ተከራከረችን። «እኔ ጁዝእ ዐመን የጨረስኩት ውድድር ስለነበር ነው» አለችን። «ሽልማቱ አንድ ሙስሐፍና ሰዓት ነበር፣ ሰዓቱን ፈልጌ ነው የሐፈዝኩት፣ ሙስሐፉ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ውድድር ከለከላችሁ ማለት ያንን ሁሉ ልጅ ከለከላችሁ ማለት ነው።» መልስ አጥተን ቆየን፤ አሁንም ሙሉ መልስ የለንም። ከ1997 ጀምሮ በዱባይ የሚካሄደውን ዓለም አቀፍ የቁርኣን ሽልማት ሁላችንም በኩራት እናያለን። እዚያ የሚቆመው ግን ቁርኣንን ሙሉ ያኸተመ ሰው ነው፣ የሚመረምሩትም የሒፍዝና የተጅዊድ ሊቃውንት ናቸው። የእህታችን ውድድርም ቢሆን ስንጠይቃት፣ ሸይኹ ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ እያስቀሩ ያስፈተኑት ነበር፤ የጨረሰ ሁሉ ሙስሐፍ ተሰጠው፣ ሰዓቱ ግን ለሦስት ልጅ ነበር። ካሜራ አልነበረም። ተሳስታ ስትመለስ ያያት ሸይኹ ብቻ ናቸው። እሷ ውድድር ብላ የምትጠራው ነገርና በሐሳቡ ላይ ያለው ነገር አንድ ስም ብቻ ነው የሚጋሩት።

ስለ ኢኽላስና ስለ ሪያእ ብዙ ዳዕዋ ሰምተናል። «ቃሪእ ነው» እንዲባልለት የቀራው ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ከሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ስንሰማውም ሰውነታችን ይርዳል። ያ ሰው ግን አዋቂ ነው፣ ኒያውን ራሱ ነው ያበላሸው። የ8 ዓመት ልጅ ገና ቀለም አልያዘበትም። በላዩ ላይ ኒያ የምናሳድርበት እኛ ነን። በቁርኣኑ የሰው ድምፅ እንዲቆጥር ካስለመድነው፣ ሲያድግ ለብቻው ሌሊት ሲነሳ ማን እየቆጠረለት ይቀራል?

በኮንስትራክሽን ትምህርታችን ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ የምንጠብቀው 28 ቀን ነው። በ7ኛው ቀን ሲያዩት ደርቋል፣ ሰው ይረግጠዋል፣ ከላይ ሲያንኳኩት ጠንካራ ይመስላል። ሥራ ተቋራጩ ቸኩሎ ካሳፎርማውን ቢያነሳና ሙሉ ጭነት ቢጭንበት ግን፣ ዛሬ ባይወድቅ ስንጥቁ ውስጥ ይቀራል። ጥንካሬውን ለማወቅም አብሮ የተሞላ ኪዩብ ወስደን ቤተ ሙከራ ውስጥ እስኪሰበር እንጫነዋለን፤ የተሰበረው ኪዩብ ሕንጻው ውስጥ አይገባም። ከልጆቹ መሃል እየሰበርን የምንሞክረው ኪዩብ የለንም።

ደግሞ ቅርጽ ፍለጋ ያን ያህል መሄድ አያስፈልገንም ነበር። እኛ ባደግንበት መድረሳ ልጅ አንድ ደረጃ ሲጨርስ፣ በተለይ ሲያኸትም፣ የሚደረገውን ታስታውሳላችሁ። እናቱ ድፎ ዳቦ ደፍታ ትመጣለች፣ ቡና ይፈላል፣ ልጁ ሸይኹ ፊት ተቀምጦ የመጨረሻዎቹን ሱራዎች ይቀራል። ከተሳሳተ ሸይኹ ቀስ ብለው ይመልሱታል፣ ማንም አይስቅም፣ ግማሹ ሰውም ስህተቱን ልብ አይለውም። ከዚያ ዱዓ ይደረግለታል። አንዱ በሰባት ዓመቱ ያኸትማል፣ ሌላው በአሥራ አራት፤ ዳቦው አንድ ነው። የሰነፉ ልጅ እናት እንዲያውም ትልቁን ዳቦ ነበር የምትደፋው። ሉሑን አጥቦ አዲስ ትምህርት ሲጻፍለት የሚጠብቅ ልጅ ከጎኑ ያለው የት እንደደረሰ ያያል፣ መቅናትም ይቀናል፤ ቅናቱ ግን ወደ ራሱ ሉሕ ነው የሚመልሰው።

እኛ የምንጠይቀው ይህ ነው። አዳራሹን ሳይሆን የመድረሳውን ግቢ እንጠቀም። ልጆቹ የቻሉትን ይዘው ይቅረቡ፤ ነሺዳ ያለው ነሺዳ፣ ሱራ ያለው ሱራ፣ በፈለገው ቋንቋ። ደረጃ አይነበብ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሙስሐፍ ይሰጥ። ቪዲዮ መቅረጽ የፈለገ ወላጅ የራሱን ልጅ ይቅረጽ፣ በጀመዓው ገጽ ግን የማንም ሕጻን ፊት አይለጠፍ። የተጅዊድ ፈተና ካስፈለገ ኡስታዞቹ ክፍል ውስጥ ይፈትኑ፣ ውጤቱን ለልጁና ለወላጁ ብቻ ይንገሩ። ሐሳቡን ያቀረበው ወንድማችን ለልጆቹ ካለው ፍቅር ተነስቶ እንደተናገረ እናውቃለን፤ ሐሳቡ ባይመጣ እኛም ይህን አናስብም ነበር፣ ጀዛከላሁ ኸይራን።

የጣሪያው ገንዘብስ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ባለፈው እሁድ ወጥተን ለክተናል። 54 ቆርቆሮ፣ ከነባሮቹ ሞራሌዎች መተካት ያለባቸው 17፣ ሚስማርና የክዳን ጫፍ መሸፈኛ ያስፈልጋል። የእጅ ዋጋ አያስፈልግም፣ እኛው እንሠራለን፤ አናጺ የሆነ የአንድ ደረሳ አባት ሊመራን ቃል ገብቷል። አንድ ቆርቆሮ አንድ ዶርም ቢይዝ፣ 54 ዶርም ማግኘት ያን ያህል የሚከብድ አይመስለንም፤ እስካሁን ዘጠኝ ተመዝግበዋል። ዝርዝሩ መስጊዱ በር ላይ ተለጥፏል። የሐሳቡ ውሳኔ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው፣ የምትቃወሙንም የምትደግፉንም ኑ። መዶሻ ያለው ደግሞ እሁድ ይዞ ይምጣ፤ ያለን ሁለት ብቻ ነው፣ የአንዱም እጀታ ተሰንጥቋል።